ዝም ያለ ክፍል ሁሉ የሚማር ክፍል አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በብዙ አጥቢያዎች የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። ሕፃናቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይገባሉ፤ ከአምስት ዓመት ልጅ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ታዳጊ ድረስ በአንድነት በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይደረደራሉ። ከፊታቸው አንድ ወጣት መምህር ይቆማል። ጸሎት ይደረሳል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ትምህርቱም ይጀመራል። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ በኩል ሹክሹክታ ይሰማል፤ ሹክሹክታው ወደ ሳቅ፣ ሳቁም ወደ መጓተት ይለወጣል። መምህሩ «ዝም በሉ!» ይላል። ለጊዜው ጸጥ ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይመለሱበታል። በሦስተኛው ጊዜ አርጩሜ ይነሣል፤ አለዚያም አንዱ ልጅ ከመካከል ተጠርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲንበረከክ ይደረጋል። አሁን በእውነት ጸጥታ ሆነ። መምህሩ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ያለ እንቅፋት ተናግሮ ይጨርስና «ዛሬስ ክፍሉን ያዝሁት» ብሎ ይወጣል።

እነዚያ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲደርሱ እናታቸው «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብላ ብትጠይቃቸው የብዙዎቹ መልስ «ስለ እግዚአብሔር» የሚል ብቻ ነው። ግድግዳ ሥር የተንበረከከው ልጅ ግን ምን እንደ ተማረ ጠንቅቆ ያውቃል። የእግዚአብሔር ቤት ሰው የሚያፍርበት ቦታ መሆኑን ተምሯል።

በዚህ ጽሑፍ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለወላጆችና ለወጣት አገልጋዮች ላቀርበው የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። በክፍል ውስጥ እውነተኛ ሥርዓት የሚመጣው እያንዳንዱ ልጅ የሚሠራው ነገር ሲኖረው ነው። አፉ፣ እጁና ልቡናው ሥራ የያዘ ልጅ ለረብሻ ጊዜ አያገኝም። ይህን ለማወቅም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በገዛ አብነት ትምህርት ቤታችን ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ጉባኤ ቤት ዝም ብሎ አያውቅም

የቀደመውን የንባብ ቤት ሁኔታ ያየ ሰው ወይም ከአባቶቹ የሰማ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ድምፁን። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ልጆች ሁሉ በየፊናቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አንዱ ሀ ሁን ይቈጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ደርሷል፤ ሦስተኛው በመልእክተ ዮሐንስ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ያነባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ከውጭ ለሚሰማው ጫጫታ ይመስላል። የኔታ ግን በመካከል ተቀምጠው ከሩቅ ያለ አንድ ልጅ አንዲት ፊደል ሲስት በጆሯቸው ለይተው ያርሙታል። እዚያ የሚያሳስባቸው የሚጮኸው ልጅ ሳይሆን ድምፁ የጠፋው ነው፤ ዝም ያለው አንድም አልገባውም፣ አንድም አንቀላፍቷልና።

በዚያ ጉባኤ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ልጅ ልጅን አይጠብቅም። ፈጣኑ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዘገምተኛው እስኪያውቀው ድረስ እዚያው ይቆያል። የገባው ልጅ ተሰላችቶ ጎረቤቱን አይነካካም፤ ያልገባው ልጅም ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አይውልም።

ሁለተኛ፣ ትልቁ ትንሹን ያስተምራል። ፊደል የጨረሰው ለጀማሪው ያስቈጥራል። በቅኔ ቤትም አስነጋሪ የሚባል አለ፤ ከመምህሩ በታች ሆኖ የተማሪዎቹን ቅኔ የሚሰማና የሚያቃና የበሰለ ተማሪ ነው። በዚህ መንገድ አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዝሙር መያዝ ይችላል፤ ታላላቆቹም በማስተማር ዕውቀታቸውን ያጸናሉ።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ተቀባይ ብቻ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ገና ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ መቍጠር አለበት። ብቻውን ወጥቶ፣ አስቦና አውጥቶ አውርዶ ይመለሳል፤ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ ይታረማል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። በአቋቋም ቤትም ተማሪው መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በእግሩ፣ በእጁና በድምፁ ይማራል። ሰውነቱ ሁሉ ተማሪ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የዛሬውን አዳራሻችንን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ከዘመናዊው ትምህርት ቤት አግዳሚውን፣ ጥቁር ሰሌዳውንና የአንድ ሰው ንግግርን ወሰድን። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችን በዕድሜ መለየቱን፣ መጽሐፍ ማሰናዳቱንና መምህር ማሠልጠኑን ግን ተውነው። ከአብነት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ትልቁ ትንሹን ማስተማሩን፣ እያንዳንዱ በየደረጃው መሄዱን፣ ተማሪው ራሱ ማፍለቁን ትተን የወረስነው አርጩሜውን ብቻ ነው። ከሁለቱም ቤት የማይጠቅመውን መርጠን ወሰድን ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«እኛም በአርጩሜ ነው ያደግነው»

ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ አውቃለሁ። «የኔታ አልገረፉም እንዴ? እነዚያ ሊቃውንት በቍንጥጫና በአርጩሜ አይደለም የወጡት?» ይላሉ። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ስለሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል።

እውነት ነው፣ የኔታ ይገርፉ ነበር። ነገር ግን የኔታ አባት ነበሩ። ተማሪው ከእርሳቸው ጋር ይውላል፣ ያድራል፤ በታመመ ጊዜ የሚጠይቁት፣ በጠፋ ጊዜ የሚያስፈልጉት እርሳቸው ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያገኘውንና ስሙን እንኳ የማያውቀውን ልጅ የሚመታ ወጣት መምህር በዚህ የአባትነት ቦታ ላይ አልቆመም። ደግሞም በአርጩሜ አልፈው ሊቅ የሆኑትን እናያቸዋለን፤ በአርጩሜው ምክንያት ከትምህርት የሸሹትን ግን የሚቈጥራቸው የለም። የተረፈውን ብቻ አይቶ መፍረድ ፍርድን ያጎድላል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም እንተርካለን። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን እጅ ተቀጣ፤ ተማሮም ሸሸ። በማይ ኪራህ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ በመጨረሻ የወጣችውን ትል ተመለከተ፤ ከእርሷም ትዕግሥትን ተምሮ ተመለሰ። ታሪኩን የምንናገረው ዘወትር ለተማሪው ነው፤ «እንደ ያሬድ ታገሥ» እንላለን። ለመምህሩም የሚነገር ነገር እንዳለው ግን ልብ አንለውም። ቅጣቱ ያሬድን ከትምህርት ቤት አስወጣው። የመለሰው በዐይኑ ያየው ሕያው ምሳሌ ነው። በተመለሰ ጊዜም አባ ጌዴዎን ተቀብለው እንደ ገና አስተማሩት። ትል የምታሳይለት ያላገኘ፣ ሸሽቶ የቀረ ስንት ያሬድ አለ? ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ መምህር ፈንታ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለወላጆች ስለ ልጅ አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን ይህን ጉዳይ አንሥቷል። ልጅን ዘወትር በበትር ማሳደግ እንደማይገባ፣ ምት የለመደ ልጅ ምትን እንደሚንቅ፣ አንድ ጊዜ በዐይን፣ ሌላ ጊዜ በተግሣጽ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በለዘበ ቃልና በተስፋ መምራት እንደሚሻል ይመክራል። ይህ የዘመናችን ሰው ሐሳብ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አባት ምክር ነው። የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሚያሳድጓቸው ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያን ከሕግ በታች ሳይሆን ከሕግ በላይ በፍቅር ልትገኝ ይገባታል።

ጌታችን የተቈጣው በማን ላይ ነበር?

ሕፃናትን ወደ ጌታችን ባመጡአቸው ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ያመጡአቸውን ገሠጹ። ምናልባት ሕፃናቱ ይረብሹታል ብለው ለክብሩ ተቈርቍረው ይሆናል። ጌታችን ግን የተቈጣው በሕፃናቱ ላይ ሳይሆን በከልካዮቹ ላይ ነው፤ ሕፃናቱን አቅፎ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)። ለቤተ መቅደሱ ክብር ስንል ልጅን የምናሸማቅቅ ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግመን ልናነበው ይገባል።

እርሱ ራሱም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ተገኝቷል፤ ሲሰማም ሲጠይቅም ነበር (ሉቃ. 2፥46)። እነዚያ የኦሪት መምህራን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲጠይቅ ዕድል ሰጥተው፣ መልሱንም አድምጠው ተደነቁ። በእኛ ክፍል አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «እግዚአብሔር ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ለምን እንጸልያለን?» ቢል ምን ይገጥመዋል? ብዙ ጊዜ «እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም» ይባላል። ልጁ ጥያቄውን አይተወውም፤ ይዞት ይወጣና ሌላ መላሽ ይፈልጋል። ሌላው መላሽ ማን እንደሚሆን ደግሞ እኛ አንመርጥለትም።

ከበር ይጀምራል

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ክፍልን መያዝ የሚጀምረው ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። መምህሩ ቀድሞ ይገኝ፤ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በስሙ ይቀበል። ስሙን የሚያውቅለት መምህር ያለው ልጅ በዚያ መምህር ፊት መረበሽ ይከብደዋል። ስም ለመያዝ የሚቸገር ሰው በደብተሩ ይጻፍ፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ቢያጠና በጥቂት ወራት ክፍሉን ሁሉ ያውቃል።

ሕጎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ሦስት ይበቃሉ። ሕጎቹንም ከልጆቹ ጋር ያውጣ። «አንዱ ሲናገር ሌላው ምን ያድርግ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ራሳቸው ይነግሩታል። ራሱ ያወጣውን ሕግ ልጅ በቀላሉ አይጥሰውም፤ ሌላው ሲጥሰውም ያስታውሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዛሬ የተከለከለው ነገር በሚቀጥለው እሑድ በዝምታ ሲታለፍ ነው። መምህሩ የማይፈጽመውን ማስፈራሪያ ከሚናገር ዝም ቢል ይሻለዋል።

ጸጥታ ለመጠየቅ መጮኽ አያስፈልግም። መምህሩ እጁን ሲያነሣ ሁሉም እጁን አንሥቶ ዝም እንዲል ማለማመድ፣ ወይም ልጆቹ የሚያውቁትን መዝሙር በለሆሳስ መጀመርና እየተቀበሉት ሲመጡ አብሮ ማብቃት ከጩኸት ይልቅ ይሠራል። በጩኸት ላይ የሚጮኽ መምህር ልጆቹ የበለጠ እንዲጮኹ ያስተምራቸዋል።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን መቈራረስ ነው። አንድ ሕፃን አርባ ደቂቃ ሙሉ ንግግር ብቻ ሊያዳምጥ አይችልም፤ አዋቂውም በስብከት ሰዓት ዐይኑ ይከደናል። ዐሥር ደቂቃ መተረክ፣ ከዚያ መጠየቅ፣ ከዚያ ልጆቹ እንዲተርኩ ማድረግ፣ ከዚያ መሣል ወይም መዘመር ይቻላል። ሲጠይቅም አስቀድሞ ጥያቄውን ለሁሉ ያቅርብ፤ ጥቂት ይጠብቅ፤ ከዚያ ስም ይጥራ። ስሙን አስቀድሞ ከጠራ የተጠራው ብቻ ያስባል፤ የቀሩት ያርፋሉ። ዘወትር እጃቸውን የሚያወጡት ሦስት አራት ልጆች ክፍሉን ሁሉ እንዳይተኩበትም ይጠንቀቅ።

አንድ ትምህርት እንደ ምሳሌ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዚያው ድርሳኑ ለወላጆች የሚያሳየው አንድ ብልሃት አለ። የቃየንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ በጣፈጠ ቋንቋ ይተርኩለት፤ በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ራሱ እንዲተርከው ይጠይቁት፤ ታሪኩን በልቡ ከያዘ በኋላ ትምህርቱን ያስረዱት፤ ከዚያም ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት፤ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ በደስታ ይዘላል ይላል። ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላም ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል።

ይህን ይዘን ጾመ ነነዌ ሰኞ ሊገባ እሑድ ላይ የዮናስን ታሪክ እናስተምር እንበል። አርባ አምስት ደቂቃ አለን።

መምህሩ «እናቱ ሱቅ ልካው ኳስ ሜዳ የሄደ አለ?» ብሎ ይጀምራል። ሳቅ ይሆናል፤ ይሁን። ሁሉም እጅ ያወጣል ወይም ጎረቤቱን ይጠቍማል። በዚህች አንዲት ጥያቄ ዮናስ የሩቅ ሰው መሆኑ ቀረ። ከዚያ አዳራሹን ከፍሎ በሩ በኩል ያሉትን ነነዌ፣ በሌላው ጫፍ ያሉትን ተርሴስ፣ መካከለኛዎቹን ባሕር ያደርጋቸዋል። እየተረከ ሲሄድ ባሕሩ ይናወጣል፤ መርከበኞቹ ዕጣ ይጣጣላሉ፤ ነነዌ ከንጉሡ እስከ እንስሳቱ ትጾማለች። ሕፃናት ከብቱም ጾመ ሲባሉ ይደነቃሉ፤ ያን ታሪክ አይረሱትም። ይህ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው ይተርካሉ፤ ትልቁ ከትንሹ ጋር ይጣመራል። መጀመሪያ ትንሹ ይናገራል፤ ትልቁ የጎደለውን ይሞላል። ይህ የአስነጋሪው ሥራ ነው። በዚህ ሰዓት አዳራሹ ይጮኻል። መምህሩ አይደንግጥ፤ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ጆሮውን ይስጥ። ማን እንደ ገባው፣ ማን ታሪኩን እንዳዘበራረቀ የሚያውቀው አሁን ነው።

ከዚያ ጥያቄ ይቀርባል። ለታናናሾቹ «ዮናስ በዓሣው ሆድ ስንት ቀን ቆየ?» የሚለው ይበቃል። ለታላላቆቹ «ከተማዪቱ ስትድን ዮናስ ለምን ተከፋ?» ይባላሉ። እዚህ ላይ የሚጠላው ልጅ ሲመሰገን የተናደደ ሁሉ ስለ ራሱ ያስባል። በመጨረሻም እያንዳንዱ የቤት ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ በሦስቱ የጾም ቀናት ይቅርታ የሚጠይቀውን አንድ ሰው መርጦ ይቅርታ መጠየቅ፣ ታሪኩንም ለቤተሰቡ መተረክ። በሚቀጥለው እሑድ መምህሩ የሚጀምረው ይህን በመጠየቅ ነው።

በዚህ ትምህርት መምህሩ የተናገረው ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ ያነሰ ነው። የተዘጋጀው ግን ለግማሽ ሰዓት ንግግር ከሚዘጋጀው በላይ ነው። ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ የምናየው ረብሻ ቅዳሜ ማታ ያልተሠራው ዝግጅት ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለው አካሄድ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። እዚያ ያለ ልጅ አማርኛውን እኩሌታውን ቢሰማ ነው፤ ንግግሩ ሲረዝምበት የሚረብሸው ባለጌ ስለሆነ ሳይሆን ስላልገባው ነው። ታሪኩን በአካል ሲሠራው ግን ይገባዋል፤ መጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ ቢተርከው፣ ከዚያ «ጾም»፣ «ይቅርታ»፣ «ንስሓ» የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ቢጨምርበት ቋንቋውንም ሃይማኖቱንም አብሮ ይይዛል።

ስለሚያስቸግረው ልጅ

በየክፍሉ አንድ ሁለት እንዲህ ያሉ ልጆች አይጠፉም። መምህሩ አስቀድሞ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ምናልባት ከንጋት ጀምሮ ሲያስቀድስ ቆይቶ ርቦታል። ምናልባት ማንበብ አይችልምና እንዳይታወቅበት ቀድሞ ይረብሻል። ምናልባት ትምህርቱ ቀሎበት ሰልችቶታል። ምናልባት ቤቱ ሰላም የለም። ለርኃብ ቍራሽ ዳቦ፣ ለመሰልቸት ከባድ ጥያቄ፣ ለኀዘን ጆሮ ያስፈልጋል፤ አርጩሜ ለአንዱም መድኀኒት አይሆንም።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ኀላፊነት ይሰጠው። ከበሮውን ይያዝ፤ ወረቀት ያድል፤ ታናናሾቹን ያሰልፍ። ሲያጠፋ በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ከክፍል በኋላ ለብቻው ይመከር። መልካም ያደረገ ዕለት ደግሞ መምህሩ ወላጁን በደጀ ሰላም ጠርቶ በልጁ ፊት ያመስግነው። ወላጅ ለክስ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ልጁ መምህሩንና ወላጁን አንድ ላይ ማየት ይፈራል።

አንድ ነገር ግን በጽኑ መነገር አለበት። ስግደትንና ጸሎትን የቅጣት መሣሪያ ማድረግ ይቁም። «ረብሸሃልና ሃያ ስግደት ስገድ»፣ «ተንበርክከህ አቡነ ዘበሰማያት አሥር ጊዜ በል» የተባለ ልጅ ስግደትና ጸሎት የጥፋት ዋጋ እንደሆኑ ይማራል። አድጎ በራሱ ፈቃድ ሊሰግድ ሲገባው ጕልበቱ የሚያስታውሰው ያንን ቀን ነው። እንዲሁም «እግዚአብሔር ይቀሥፍሃል»፣ «ሲኦል ትገባለህ» እያሉ የስድስት ዓመት ልጅን ዝም ማሰኘት አይገባም። አፈወርቅ እንኳ አስፈሪ ትምህርቶች ለልጅ በዕድሜው ልክ ቀስ በቀስ እንዲነገሩ፣ የሲኦል ነገር ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው እንዲሰማ ይመክራል። እግዚአብሔርን የክፍል ዘበኛ ያደረገ መምህር ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ ከዘበኛው ጋር እንዲሰናበት ያደርገዋል።

ለወላጆችና ለአጥቢያው

ይህ ሁሉ ሸክም በአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም። በብዙ ቦታ የሕፃናት ክፍል ለጀማሪ አገልጋይ መለማመጃ ይደረጋል፤ የሠለጠኑትና አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ለወጣቱና ለዐውደ ምሕረቱ ይቀመጣሉ። ሊገለበጥ ይገባው ነበር፤ ለስላሳውን ተክል የሚይዝ የበሰለ እጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት መምህራንን ሳያሠለጥን ወደ ክፍል አይላክ፤ አዲሱ መምህር ቢያንስ ለጥቂት ወራት ከነባሩ ጎን ረዳት ሆኖ ይቁም። ሰበካ ጉባኤውም ልጆቹን ቢያንስ በሦስት የዕድሜ ክልል የሚለይ ቦታ ያዘጋጅ። አዳራሽ ከሌለ የዛፍ ጥላ አለ፤ አባቶቻችን የተማሩት እዚያው ነው።

ወላጆችም ልጃቸውን በር ላይ አድርሰው መመለስ ብቻ አይበቃቸውም። ማታ በማዕድ ላይ «እስቲ የዛሬውን ታሪክ ተርክልን» ይበሉት። የሚተርከው ካጣ መምህሩን በትሕትና ይጠይቁ። ልጁም ቤቱ እንደሚጠይቀው ካወቀ በክፍል ውስጥ ጆሮው ይከፈታል።

ይህን የምለው ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው። አንድ ልጅ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢማር፣ አንድም እሑድ ሳይቀር ዓመቱን ሁሉ ቢመጣ እንኳ ከእኛ ጋር የሚያሳልፈው ወደ 100 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ለሚያስተምር መደበኛ ትምህርት ቤት ይህ የአራት ሳምንት ሥራ ነው። በዚህች አራት ሳምንት ልጁ አምላኩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ራሱን ሊያውቅ ይገባል። ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው መምጣትና መቅረት በእጁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያመዛዝነው በሕፃንነቱ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተሰማውን ነው። «ወጣቱ ለምን ቀረ?» ብለን በየጉባኤው ከመጠየቃችን በፊት ሕፃን ሳለ ምን ሰጥተነው እንደ ነበር እንመርምር።

ሕፃናትን አቅፎ የባረከ አምላክ ለመምህራኖቻችን ትዕግሥትንና ጥበብን፣ ለልጆቻችን ማስተዋልን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።